ሲኞራ ሾርባዬን ገፋ አደረጉት

«ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጣሊያን ውስጥ፣ ፓዶቫ አጠገብ ነው። ሥራዬ አንዲት የ86 ዓመት አረጋዊት መንከባከብ ነው። አዳሬም እዚያው እሳቸው ቤት ነው። ሲኞራ እላቸዋለሁ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ምግብ እያስጠላቸው መጥቷል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ምድጃ ጋ መቆምም ትተዋል።

ብርዱ ሲገባ አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው ይጠይቁኝ ጀመር፤ ፓስታ ኤ ፋጆሊ። የቦሎቄና የፓስታ ሾርባ ነው። እኔም አንዲት የናፖሊ ሴት ስትሠራ ስልኬ ላይ አይቼ ሞከርኩ። ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም ጨምሬ፣ የቆርቆሮ ነጭ ቦሎቄ ከተትኩበት። ፓስታውን ለብቻው ቀቅዬ፣ አጥልዬ ቀላቀልኩት። ለእኔ ዓይን ያምር ነበር። ሲኞራ አንድ ማንኪያ ቀመሱና ‹ይሄ ስጎ ነው› ብለው ሳህኑን ገፋ አደረጉት። ሌላ ቀን ደግሜ ሠራሁ፤ ያው ሆነ። ሲበሉ ደግሞ ያስላቸዋል፤ እሱም ያማርራቸዋል መሰለኝ።

እሁድ እሁድ ልጃቸው ከሚላኖ ትመጣለች። ‹እናቴ እንዲህ አትሠራውም ነበር፤ የአሳማ ቆዳ ካልገባበት ጣዕም የለውም› አለችና አንድ ጥቅል ገዝታ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። አሳማ በእጄ ነክቼ አላውቅም። በዚያ ላይ ጾመ ነቢያት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀምስም። እሳቸው ምሳ የሚበሉት በ6 ሰዓት ተኩል ነው። ሳልቀምስ ጨው እንዴት ልመጥን? ለልጃቸው ‹አሳማ አልነካም› ብላት ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። ጥቅሉን ጥዬ ‹አስገብቼበታለሁ› ልበላት? ወይስ ከሱፐርማርኬት የተዘጋጀውን ገዝቼ አሙቄ ላቅርብ? አንዳንዴማ ሥራውን ትቼ ልሂድ እላለሁ። ለአንድ ሾርባ ብላችሁ አትሳቁብኝ። ማታ ማታ ያስለቅሰኛል።

ሾርባው ያስጨነቃት፣ ከፓዶቫ»

እህቴ፣ ማንም አይስቅብሽም። ጾመሽ፣ ሳትቀምሺ፣ ከሰው አገር ምድጃ ጋ ቆመሽ ለሌላ ሰው ያበሰልሽው ሳህን ሲገፋ ሆድ ይብሳል። ማልቀስሽ ሥራውን ከልብሽ እንደያዝሽው ነው የሚነግረኝ።

ስለ ሾርባው ብዙ የምንጫወተው አለን። መጀመሪያ ግን በመሃል ጠቀስ አድርገሽው ያለፍሽው ነገር ላይ ልቁም። ሲበሉ ያስላቸዋል ብለሻል። ይሄ ከጣዕሙም ከጨዉም ይቀድማል። በዕድሜ የገፋ ሰው ምግብ ላይ ደጋግሞ የሚያስለው ከሆነ መዋጥ እየከበደው ሊሆን ይችላል። ምግብ ወደ አየር ቧንቧ ሲገባ ደግሞ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። ቀጭን መረቅ ውስጥ የሚንሳፈፍ ፓስታና ቦሎቄ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በጣም አስቸጋሪ ነው። ፈሳሹ ቶሎ ይወርዳል፤ ጠጣሩ አፍ ውስጥ ይቀራል። ሲኞራ ሳህኑን የገፉት ፈርተውም ይሆን? ውሃ ሲጠጡስ ያስላቸዋል? ከበሉ በኋላ ድምፃቸው እርጥብ እርጥብ ይላል? ምግብ ጉንጫቸው ውስጥ ይቀራል? ይህን አስተውለሽ ለልጃቸው ንገሪያት፤ የቤተሰብ ሐኪማቸው ጋ ትደውል። ሐኪሙ ሎጎፔዲስታ ወደሚባል ባለሙያ ሊልካቸው ይችላል። ንግግርንም መዋጥንም የሚያዩ ናቸው። እስከዚያው ድረስ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በትንሽ ማንኪያ፣ ሳይጣደፉ ይብሉ። በልተው ወዲያው አይጋደሙ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጡ። ሾርባውንም ሐኪም እስኪያያቸው ሙሉ በሙሉ ፈጭተሽ፣ ወፈር አድርገሽ፣ ያለ ፓስታ አቅርቢላቸው። እዚያ አገር የተፈጨ የቦሎቄ ሾርባ ራሱን የቻለ የተከበረ ምግብ ነው፤ የበሽተኛ ምግብ አይመስልባቸውም።

አሁን ወደ ድስቱ። «ይሄ ስጎ ነው» ያሉሽ ሊያስቀይሙሽ አይመስለኝም። እውነታቸውን ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ይሄ ሾርባ በየአገሩ ሌላ ነው። አንቺ የተከተልሽው የናፖሊውን ነው። እዚያ ቲማቲም ይገባበታል፣ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል፤ ፓስታውም ከየጥቅሉ የተራረፈው ተደባልቆ ነው። ሮም ላይ የአሳማ ቆዳ ይወዱበታል። ቶስካና ስትሄጂ ነጭ ቦሎቄ ከጥብስ ቅጠል ጋር ነው። ሲኞራ የሚኖሩት ግን ቬኔቶ ነው። ቬኔቶ ውስጥ ይሄ ሾርባ የሚሠራው ቦርሎቲ በሚባለው ዥንጉርጉር ቦሎቄ ነው። ቲማቲም ወይ የለውም፣ ወይ ለቀለም ያህል ነው። ከቦሎቄው ግማሹ ወይም ከግማሽ በላይ ይፈጫል። ሾርባው ቡናማ ሆኖ ይወፍራል፤ ማንኪያ ቢሰኩበት ይቆማል እስኪባል ድረስ። የሚበላውም ትኩስ እንደወረደ ሳይሆን ለብ ሲል ነው፤ ከላዩ ጥሬ የወይራ ዘይትና ቁንዶ በርበሬ ጣል ተደርጎበት። ይሄን ለለመደ ሰው ቀይ፣ ቲማቲም የበዛበት ሳህን ቢቀርብለት ስጎ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ከእናንተ ወደ ሰሜን፣ ቤሉኖ ተራሮች ውስጥ ላሞን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የላሞን ቦሎቄ ልጣጩ ስስ በመሆኑ ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮም ስሙ በአውሮፓ ኅብረት የተጠበቀ ነው። ቦሎቄ ራሱ ከአሜሪካ ምድር የመጣ እህል ነው። በአካባቢው ሲተረክ፣ እ.ኤ.አ. በ1530ዎቹ የሮማው ጳጳስ ክሌመንት 7ኛ ፒዬሪዮ ቫሌሪያኖ ለሚባል የቤሉኖ ሊቅ ዘሩን ሰጥተውት እሱ ወደ ተራሮቹ አመጣው ይባላል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ቦሎቄ የድሃ ሥጋ ነበር። ቬኔቶ ያኔ ልጆቿ በየአገሩ ለሥራ የሚሰደዱባት ድሃ አገር ነበረች። የ86 ዓመት ሰው ልጅነቱ ጦርነትና ከጦርነት በኋላ ያለው ችግር ላይ ነው የሚወድቀው። ሲኞራ ይሄን ሾርባ ሲጠይቁሽ የእናታቸውን ቤት እየጠየቁሽ ይሆናል። ወይም ለባላቸው ይሠሩት የነበረውን። የትኛው እንደሆነ አንቺም እኔም አናውቅም። ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?

እኔ የምመክርሽ ዋናው ነገር ይሄው ነው። የስልኩን ቪዲዮ ዝጊና ሲኞራን ወደ ወጥ ቤት አምጫቸው። ባላቸውን አጥተዋል፣ ምድጃቸውንም አጥተዋል። ዕድሜ ልኩን ሲያበስል የኖረ ሰው ተቀምጦ የሰው እጅ ሲጠብቅ ምግቡ ባይጥመው አይገርምም። ምድጃው አጠገብ ወንበር አድርጊላቸው። ቦሎቄውን በሳህን አቅርቢላቸው፣ ይልቀሙት፤ እጃቸው ቢንቀጠቀጥም ለዚያ አያንስም። ከዚያ ጠይቂያቸው። ቦሎቄው የቱ ነበር? የጥብስ ቅጠል ነው ወይስ ሌላ ቅጠል የሚገባው? ካሮት አለው ወይስ ሽንኩርት ብቻ? ሁሉም ይፈጫል ወይስ የተወሰነው? ፓስታው አጭር ነው ወይስ ረጅም? አሳማውንም ቢሆን ጠይቂያቸው። ልጃቸው አለ ትላለች፤ እሳቸው ምን ይላሉ? የሚሉሽን በማስታወሻ ጻፊው። እንግዲህ በዚያ ቤት የሾርባው ባለቤት እሳቸው ናቸው፤ አንቺ እጃቸው ነሽ።

የጨዉም ጭንቀት እዚሁ ላይ ያልቃል። አንቺ አትቀምሺም፤ ስለዚህ ቀማሿ ሲኞራ ናቸው። ቦሎቄው በስሎ ከተፈጨ በኋላ ለድስቱ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሪና አማስዪ። ቀዝቀዝ አድርገሽ በማንኪያ ስጫቸው። «ምን ጎደለው?» በያቸው። ቁንጥር ጨምሪ ካሉሽ ቁንጥር ጨምሪ። ሐኪም ጨው ቀንሱ ብሏቸው ከሆነ ደግሞ በቁንዶ በርበሬ፣ በጥብስ ቅጠልና በጥሬው ዘይት ካሺው። አንድ ነገር ግን አስቢበት። በዕድሜ የማሽተት ኃይል ይደክማል፤ አንዳንድ መድኃኒትም የአፍ ጣዕም ይለውጣል። የእናታቸውን ሾርባ ራሱን ብታቀርቢላቸው እንኳ የድሮውን ላይመስላቸው ይችላል። ያን ቀን «አልጣመኝም» ካሉ በአንቺ እጅ አታሳብቢው።

አሠራሩን እንዲህ ሞክሪው፤ እሳቸው የሚያርሙትን እያረሙ። ማታ 250 ግራም ደረቅ ቦርሎቲ በብዙ ውሃ ዘፍዝፊ፤ 10 ወይም 12 ሰዓት ይደር። ጠዋት የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፊው። በ2 ሊትር አዲስ ውሃ ጣጂውና መጀመሪያ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በኃይል ይፍላ። ይሄን እንዳትዘይው። ቦሎቄ ሳይበስል ሆድ ክፉኛ የሚያውክ ነገር አለው፤ ቀዩ ላይ ደግሞ ይበዛል፤ የሚጠፋውም በደንብ ሲፈላ ነው። ከዚያ እሳቱን ቀንሺና ቀስ ብሎ ይንተክተክ። ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ በፕሬዠር ኩከር ከሆነ ግማሽ ሰዓት ገደማ። አልበስል ብሎ ካስቸገረሽ ወይ ቦሎቄው አሮጌ ነው፣ ወይ የቧንቧው ውሃ ኖራ ይበዛበታል። ለሁለተኛው ቁንጥር ቢካርቦኔት (ቤኪንግ ሶዳ) ይረዳል። ቲማቲም ካስፈለጋቸውም መጨረሻ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ይበቃል። ቀድሞ ከገባ ቦሎቄው እንዳይለሰልስ ያደርገዋል።

ቦሎቄው እየበሰለ 1 ሽንኩርት፣ 1 ካሮትና 1 ዘንግ ሰለሪ ድቅቅ አድርገሽ ክተፊ። በ4 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት አለስልሺው። እዚህ ጋ የአገራችን እጅ ይፈትንሻል። እኛ ለወጥ ሽንኩርት ስናቁላላ እስኪቀላ ነው። ለዚህ ሾርባ ግን ሳይቀላ፣ በደካማ እሳት፣ 15 ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ሟሟ ማለት አለበት። መዓዛው የሚመጣው ከዚህ ትዕግሥት ነው፤ አሳማ የሌለበት ሾርባ የሚቆመው በዚህ ነውና አትቸኩዪበት። ይህን ቦሎቄው ላይ ገልብጪ። የጥብስ ቅጠሉን አንድ ዘለላ በክር አስረሽ ጣል አድርጊና ከ15 ደቂቃ በኋላ አውጪው። ቅጠሉ እንደ መርፌ ስለሆነ ጉሮሮ ውስጥ መቅረት የለበትም። ከዚያ ከቦሎቄው ሁለት ሦስተኛውን ፍጪው፤ ለሲኞራ ለጊዜው ሁሉንም።

ፓስታው ሐኪም ከፈቀደ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ለብቻው ቀቅለሽ አታጥዪው። ዲታሊኒ የምትባለውን ትንሿን ፓስታ ለአንድ ሰው 50 ግራም ገደማ መዝነሽ እዚያው ሾርባው ውስጥ አብስያት። የፓስታው ዱቄት መረቁን የሚያያይዘው ያኔ ነው። ሲወፍር ከሥሩ ስለሚያር እያማሰልሽ፣ ከጠበቀ ትኩስ ውሃ ጠብ አድርጊ። ሲበስል አውርጂውና ከድነሽ 10 ደቂቃ ይረፍ። ለነገ የሚተርፈውን ግን ፓስታ ሳይገባበት ቀንሺና ፍሪጅ አስቀምጪ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይልሻል። ፓስታው እዚያው ካደረ መረቁን ሁሉ ጠጥቶ ይጠብቃል።

ደግሞ አየሽ፣ ይሄ ድስት ከጫፍ እስከ ጫፍ የጾም ነው። ቦሎቄ፣ አትክልት፣ ዘይት። ዲታሊኒም በተለምዶ ከስንዴና ከውሃ ብቻ ነው የሚሠራው። ቬኔቶዎች የሚወዱት ታሊያቴሌ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል አለውና ጥቅሉ ላይ ኡኦቮ የሚል ቃል ካየሽ ተዪው። አይብ ከወደዱ ሳህናቸው ላይ ይፈግፈግላቸው፤ ድስቱን አይንካ። እሳቸው በ6 ሰዓት ተኩል የበሉትን አንቺ ከ9 ሰዓት በኋላ ትበያለሽ። ከአንድ ድስት መብላታችሁ ለእሳቸውም ትንሽ ነገር አይመስለኝም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ለብቻቸው ነው የሚበሉት ወይስ አብረሻቸው ትቀመጫለሽ?

ስለ አሳማው ቆዳ። መንካቱ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ለንስሐ አባትሽ እተወዋለሁ፤ እኔ የምፈርድበት አይደለም። ግን «አስገብቼበታለሁ» ብለሽ አትዋሺ። በእናቷ አፍ የሚገባውን ሁሉ ያመነችሽ ሴት ናት። አንድ ቀን ጥቅሉን ቆሻሻ ውስጥ ብታገኘው ከዚያ በኋላ ስለ መድኃኒቱም ስለ ገንዘቡም የምትነግሪያትን መጠራጠር ትጀምራለች። እውነቱን መናገር ያን ያህል የሚያስፈራ አይመስለኝም። ጣሊያን ውስጥ አሳማ የማይነኩ ተንከባካቢዎች ሞልተዋል። እንዲህ ልትያት ትችያለሽ፦ «በሃይማኖቴ ምክንያት አሳማ አልነካም። ሾርባውን በዘይት በደንብ አድርጌ እሠራዋለሁ። ቆዳውን ከወደዱት አንቺ እሁድ ለብቻው ቀቅለሽ ሳህናቸው ላይ ጨምሪላቸው።» ለመናገር ከከበደሽ በጽሑፍ ላኪላት። ደግሞ የሚያስላቸው ሰው የአሳማ ቆዳ ማኘክና መዋጥ ቀላል እንደማይሆንላቸው ጨምረሽ ንገሪያት። ይሄን ስትሰማ እሷም ቆም ብላ የምታስብ ይመስለኛል። እሷም እኮ እናቷ እየከሱ ሲሄዱ እያየች ፈርታ ይሆናል ሾርባ ላይ የምትጣላው።

የሱፐርማርኬቱ ሾርባ ነውር የለበትም፤ ደክሞሽ የዋልሽ ቀን ተጠቀሚበት። ብቻ የተገዛ ነው ብለሽ አቅርቢው፣ ጨዉንም ጥቅሉ ላይ አንብቢ። ከሱ ይልቅ ግን የጠርሙስ ቦርሎቲ ገዝተሽ ብታስቀምጪ እመርጣለሁ። አጥበሽው፣ አትክልቱን አለስልሰሽ፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ ጥሩ ሾርባ ይወጣዋል።

ሥራውን ስለመልቀቅ፣ ጾመሽ ደክሞሽ ባለቀስሽበት ማታ አትወስኚ። ሲኞራን እንደምትወጃቸው ደብዳቤሽ ይናገራል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እሁድ ልጃቸው ስትመጣ አንቺ እዚያው ነሽ ማለት ነው? ታዲያ የምታርፊው፣ ቤተ ክርስቲያን የምትሄጂው መቼ ነው? በጣሊያን የቤት ሠራተኞች ብሔራዊ ውል መሠረት አድሮ የሚሠራ ሰው በሳምንት 36 ሰዓት ዕረፍት አለው፤ ከዚህ ውስጥ 24ቱ በመደበኛው እሁድ ላይ ነው። ይሄ እየተጠበቀልሽ ካልሆነ ማታ የሚያስለቅስሽ ሾርባው ብቻ ላይሆን ይችላል። ፓትሮናቶ የሚባሉት ቢሮዎች ውስጥ ውልሽን አንብበው የሚያስረዱሽ ሰዎች አሉ። ውልሽንና የደሞዝ ወረቀትሽን ይዘሽ አንድ ቀን ጎራ በይ። ከልጃቸው ጋር ስለ ዕረፍትሽ የምትነጋገሪው ግን ከሾርባው ንግግር ጋር ሳይደባለቅ፣ ሌላ ቀን ይሁን።

ለዛሬ ማታ ቦሎቄውን ከመዘፍዘፍሽ በፊት ስለ ሳላቸው ደውዪላት።